ስለ ቅይጥ ትምህርት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



የመረጥነው ጉዳይ «ቅይጥ ትምህርት» የሚባለው ነው። ይኸውም መምህሩ በቃሉ የሚያስተምረውን በመሣሪያ ከሚሰማውና ከሚታየው ትምህርት ጋር አዋሕዶ፥ ለእያንዳንዱ ተማሪ እንደ ደረሰበት መጠን የሚሰጥበት ዘዴ ነው። ነገሩ አዲስ ይመስላል። እኛ ግን ግማሹ ድሮም በአገራችን ነበረ እንላለን።

ከመካከላችን በልጅነቱ ቄስ ትምህርት ቤት የገባ ያውቀዋል። የኔታ ዘንድ ሠላሳ ልጅ ቢቀመጥ ሠላሳውም አንድ ገጽ ላይ አይገኝም። አንዱ ፊደል ይቆጥራል፤ ሌላው መልእክተ ዮሐንስን ያነባል፤ ሦስተኛው ዳዊት ሊደግም ምንም አልቀረውም። የያዘውን ሳያውቅ ወደሚቀጥለው የሚያልፍ የለም። ታላቁ ታናሹን ያስቀጽላል፤ የኔታም ተራ በተራ ያዳምጣሉ። በቁርዓን ቤትም እንደዚሁ ነው፤ ልጁ የዕለት ድርሻውን በሉሁ ላይ ጽፎ ሸሁ ፊት ይቀራል፤ ሲያውቀው አጥቦ ሌላ ይጽፋል። የቅኔ ተማሪማ ቀኑን ለብቻው ሲያወጣ ሲያወርድ ውሎ የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርሙታል። ከመምህሩ ፊት የሚያሳልፈው ጊዜ የእርማት ጊዜ ነው። (አለንጋውን አላነሣንም፤ እርሱ እዚያው ይቅር። ሴቶች ልጆችም በዚያ ጥቂት እንደ ነበሩ አንዘነጋም።)

በአሜሪካ አገር፥ በኮሎራዶ፥ ዉድላንድ ፓርክ በምትባል የተራራ ከተማ፥ በ2007 እ.ኤ.አ. ጆናታን በርግማንና አሮን ሳምስ የተባሉ ሁለት የኬሚስትሪ መምህራን፥ ለውድድርና ለመሳሰለው እየሄዱ ለሚቀሩ ተማሪዎቻቸው ትምህርቱን በቪዲዮ መቅረጽ ጀመሩ። ኋላም ማብራሪያው በቤት እንዲታይ፥ መልመጃው በክፍል እንዲሠራ አደረጉ። የእኛ አገር ተማሪ የሚቀረው ለአጨዳና ለገበያ ነው፤ ያመለጠው ትምህርት ግን ያው ነው።

በአገራችንም መሣሪያ ሳይሞከር አልቀረም። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚተላለፍ ትምህርት በ«ፕላዝማ» ይሰጥ ነበር። ቤተ ሙከራ በሌለበት የኬሚስትሪን ሙከራ በዓይን ማየት ቀላል ነገር አልነበረም። ነገር ግን ትምህርቱ በእንግሊዝኛ፥ ለመላው አገር በአንድ ሰዓት ይተላለፍ ስለ ነበር፥ ያልገባው ተማሪ «ትንሽ ይቆዩኝ» ቢል የሚሰማው አልነበረም። መብራት ከጠፋም የዕለቱ ትምህርት አብሮ ይጠፋ ነበር። በእኛ አስተያየት ጥፋቱ የመስተዋቱ አይደለም፤ መምህሩ በገዛ ክፍሉ ተመልካች መደረጉ ነው።

ይህን የምናነሣው ለወሬ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በመላው አገሪቱ ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። የቀሩት ሁሉ ሰነፎች ነበሩ ለማለት አንደፍርም። ብዙዎቹ ያልገባቸውን እንደ ተሸከሙ ከክፍል ወደ ክፍል የተሻገሩ ይመስለናል፤ ይህንንም የምንለው ከራሳችን አይተን ነው።

ባለፈው ዓመት የሒሳብ መምህራችን ስለ ኳድራቲክ እኩልታ የአሥራ ሁለት ደቂቃ ማብራሪያ በገዛ ስልካቸው ቀርጸው ሰጡን። ከስልክ ወደ ስልክ እያስተላለፍን፥ ስልክ የሌለን ባለው ቤት እየተሰበሰብን አየነው። ያልገባንን ሦስት ጊዜ፥ አራት ጊዜ መለስነው፤ ስልክ አይቆጣም። ሰኞ ጠዋት አምስት ጥያቄ ሰጡንና ወረቀታችንን አይተው በሦስት ወገን አስቀመጡን። ያወቁት ከበድ ያለ ጥያቄ ተሰጣቸው፤ መካከለኞቹ እርስ በርስ ተራረሙ፤ እርሳቸው ከወደቅነው ጋር ተቀመጡ። ያን ጊዜ ጉድ ወጣ! እኩልታው አልነበረም ያስቸገረን፤ ከነጌቲቭ ቁጥር ላይ ነጌቲቭ መቀነስ ነበር። ከታችኛው ክፍል ጀምሮ ደብቀነው የኖርነው ነገር ነው። መምህራችን አልሳቁብንም፤ ከዚያው ጀመሩልን።

አንዳንድ ሰው «ኢንተርኔት ሳይኖር ይህ እንዴት ይሆናል?» ይላል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበር ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። በሚሞሪ ካርድ ላይ የተያዘ ትምህርት ግን ኔትወርክ አይጠይቅም። የሚከብደው ሌላ ነው፤ ከሃምሳ በላይ ወረቀት በአንድ ሌሊት የሚያርም መምህር መቼ ይተኛል? ስለዚህ እርማቱን የላይኛው ክፍል ተማሪዎች በተራ እንድንረዳ አሳባችንን ለመምህራን አቅርበናል፤ መልሱን እንጠብቃለን።

ለወላጆችም ሁለት ልመና አለን። ልጃችሁ ማታ ስልክ ይዞ ብታዩት ከመቆጣታችሁ በፊት ምን እንደሚያይ ጠይቁት፤ (ሁልጊዜ ሒሳብ ነው ብለን ግን አንምልም።) ሴቶች ልጆቻችሁ ደግሞ ውኃ ቀድተው፥ እንጀራ ጋግረው፥ ወንድሞቻቸው ከተኙ በኋላ ነው ደብተር የሚይዙት። አንዲት ሰዓት በብርሃን ስጧቸው።

ከገጠር ስንቅ ተሸክመው መጥተው ቤት ተከራይተው ከሚማሩት ጓደኞቻችን ብዙዎቹ ስልክ የላቸውም። በቤታችሁ የተቀመጠ፥ መስተዋቱ የተሰነጠቀም ቢሆን የሚሠራ አሮጌ ስልክ ካለ፥ ለትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ብትሰጡልን በፊርማ እየተዋስን እንማርበታለን።