ማንኮራፋትና የደጋ ሌሊት

እሱ፦ ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ናት፤ ሌሊቱ ሲበርድ በርና መስኮት ይዘጋል፣ የምድጃው ጭስም ቤት ውስጥ ይቀራል።

እሷ፦ ጭሱ አፍንጫን ያፍናል። አፍንጫው የታፈነ በአፉ ይተነፍሳል፤ በእንቅልፍ የላላው የላንቃ ሥጋ ትንፋሹ ሲያልፍበት ይርገበገባል። ማንኮራፋት የምንለው ድምፅ እሱ ነው።

እሱ፦ ማታ አረቄ ሲጨመርበትስ?

እሷ፦ ይብሳል፤ የጉሮሮን ጡንቻ ያላላል። ወደ መኝታ ሲቃረቡ ባይጠጡ ይሻላል። በጀርባ ሲተኙ ምላስ ወደ ኋላ ይወርዳልና በጎን መተኛት ይረዳል። ክብደት መቀነስም እንዲሁ።

እሱ፦ እኔን የሚያሳስበኝ እያንኮራፋ ድንገት ጸጥ የሚለው ነው።

እሷ፦ እውነትህን ነው። ትንፋሹ እየተቋረጠ፣ አየር እየማገ የሚባንን፣ ቀን ደግሞ እንቅልፍ የሚጥለው ሰው ሐኪም ይየው፤ ለደም ግፊት ሊዳርገው ይችላል። እሱ ራሱ አያውቀውም፤ አጠገቡ የምትተኚ እህቴ፣ አንቺ ንገሪው።