የተሳቢ ቤት ትእዛዝና የክብደት ሒሳብ

ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር



በአሜሪካ አገር አዲስ ተሳቢ ቤት ለማሠራት ወደ ሻጭ የሄደ ሰው በመጀመሪያ የሚቀርብለት ቤቱ ሳይሆን የተጨማሪ ዕቃዎች ዝርዝር ነው። ተሳቢ ቤት ማለት በፒክ አፕ ጋንቾ ላይ ተያይዞ የሚጎተት፣ አልጋ፣ ማብሰያና መታጠቢያ ያለው የጉዞ መኖሪያ ሲሆን፣ አብዛኛው የሚሠራው በኢንዲያና ግዛት በኤልክሃርት ከተማና በአካባቢዋ ነው። ዝርዝሩ ሁለተኛ የአየር ማቀዝቀዣ፣ ቤቱ ሲቆም ወደ ውጭ እየተገፋ ሳሎኑን የሚያሰፋ ተንሸራታች ክፍል፣ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ፣ ትልቅ ባትሪ፣ ሌላም ሌላም ይዟል። በእያንዳንዱ ፊት ዋጋው ተጽፏል፤ ክብደቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ አልተጻፈም። ስለዚህ ገዢው የሚደምረው ገንዘቡን ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ከዝርዝሩ የሚመረጠው ዕቃ ሁሉ ሁለት ጊዜ ይከፈልበታል፤ አንድ ጊዜ በዶላር፣ ሌላ ጊዜ በኪሎ። የዶላሩ ዕዳ በየወሩ እየተቆራረጠ ሊከፈል ይችላል፤ የኪሎው ዕዳ ግን ቁልቁለት ላይ በፍሬን ይከፈላል።

የቀድሞዎቹ ሠሪዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። የኤርስትሪም ኩባንያ መሥራች ዋሊ ባያም እ.ኤ.አ. በ1936 ክሊፐር የተባለውን ተሳቢ ሲያወጣ አካሉን እንደ አውሮፕላን በሪቬት ከተያያዘ የአሉሚኒየም ቆርቆሮ የሠራው ለጌጥ ብቻ አልነበረም፤ ክብደትንና የነፋስን ግፊት ለመቀነስም ጭምር እንጂ። እ.ኤ.አ. በ1947 አልፍሬድ ለቱርነር የተባለ ፈረንሳዊ ብስክሌተኛ ከነዚሁ ተሳቢዎች አንዱን በብስክሌት ሲጎትት ፎቶግራፍ ተነሣ፤ ሥዕሉም የኩባንያው ምልክት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1959 ባያም የመራው የተሳቢ ቤቶች ጉዞ ከኬፕታውን ተነሥቶ ወደ ካይሮ ሲያመራ ኢትዮጵያንም አቋርጦ አልፏል። በዚያን ጊዜው መንገድ ያን ያህል ርቀት፣ የዛሬው ዝርዝር የሚያቀርበውን ሁሉ ተሸክሞ የሚሞከር አልነበረም።

ነገሩ በቁጥር ሲታይ ይበልጥ ይገለጣል። ለምሳሌ ያህል ባልና ሚስት ከሁለት ልጆቻቸው ጋር ለሚጓዙበት ያዘዙት ተሳቢ፣ ፋብሪካው የፈቀደለት ጠቅላላ ክብደት 3,400 ኪሎ፣ ባዶውን ደግሞ 2,700 ኪሎ ቢሆን፣ ለጭነት የሚቀረው 700 ኪሎ ነው። ብዙ ይመስላል። ነገር ግን በሁለቱ ሲሊንደሮች የሚሞላው ጋዝ 18 ኪሎ ይወስዳል። ሁለተኛው ማቀዝቀዣ፣ ተጨማሪው ባትሪ፣ ትልቁ ሶፋና የውጭው ጥላ ተደምረው 180 ኪሎ ቢመዝኑ 502 ኪሎ ይቀራል። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ስለሚመዝን፣ 190 ሊትር የሚይዘው የውኃ ታንከር ሲሞላ ቀሪው 312 ኪሎ ይሆናል። የአራት ሰው ምግብ፣ ድስቱ፣ ብርድ ልብሱ፣ ወንበሩ፣ መፍቻውና የልጆቹ ብስክሌት የሚጫኑት ከዚህ ላይ ነው። ተንሸራታቹ ክፍል ቢታዘዝ ደግሞ እርሱ ብቻውን ከዚህ ትርፍ አብዛኛውን ሊበላው ይችላል።

ይህ ሁሉ የተሳቢው ሒሳብ ብቻ ነው። የጎታቹ መኪና ሒሳብ ሌላ ነው። ተሳቢ ሳይወዛወዝ እንዲከተል ከክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው በጋንቾው ላይ ማረፍ ይኖርበታል። በ12 በመቶ ቢታሰብ 3,400 ኪሎ የሚመዝነው ተሳቢ 408 ኪሎውን በፒክ አፑ ላይ ያሳርፋል። አራቱ ቤተሰብ 300 ኪሎ ቢመዝኑ ድምሩ 708 ይሆናል፤ የፒክ አፑ የመሸከም አቅም 700 ኪሎ ከሆነ አንድ ሻንጣ ሳይገባ ልኩ ታልፏል ማለት ነው። ሻጩ ‹‹ይህ መኪና 4,500 ኪሎ ይጎትታል›› ሲል አይዋሽ ይሆናል፤ መጎተትና መሸከም ግን ለየቅል ናቸው። ሞተሩ ዳገቱን ያወጣው ይሆናል፤ የሚጎዱት ባሌስትራው፣ የኋላ ጎማውና ፍሬኑ ናቸው። ዕቃው የሚቀመጥበት ቦታም ቀላል ነገር አይደለም። ከፊት የሚታሰር ባትሪ የጋንቾውን ሸክም ያከብዳል፤ ከኋላ የሚንጠለጠል የብስክሌት መስቀያ ደግሞ ያቀልለዋል፤ ጋንቾው ከልክ በላይ ሲቀልል ተሳቢው በፍጥነት ላይ መወዛወዝ ይጀምራል። ያን ጊዜ ነጂው ለማሰብ ያለው ፋታ ጥቂት ሴኮንድ ነው።

ታዲያ ምን ይታዘዝ? በፋብሪካ ሊሠራ የሚገባው ከግድግዳ ውስጥና ከወለል በታች ያለው ነው። የበረታ አክስልና የበለጠ ጭነት የሚችል ጎማ፣ ሙቀትና ብርድ የሚከላከል ሽፋን፣ የውኃውንና የፍሳሹን ታንከር ከበረዶ የሚጠብቅ ማሞቂያ፣ ለወደፊት የሚያገለግል ሽቦ፤ እነዚህ ቤቱ ካለቀ በኋላ ለመጨመር እጅግ ከባድ፣ አንዳንዶቹም ከቶ የማይቻሉ ናቸው። ቴሌቪዥን፣ ፍራሽና መጋረጃ ግን ከማንኛውም ሱቅ ይገዛሉ። የእሳት ነበልባል የሚያስመስለው የኤሌክትሪክ ምድጃ ከዝርዝሩ ለምን እንደማይጠፋ ለመረዳት ያስቸግራል፤ የሚጎተተው በአብዛኛው በበጋ ነውና።

የኤሌክትሪኩ ምርጫ ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። የተለመደው መስመር 30 አምፔር በ120 ቮልት፣ ማለትም 3,600 ዋት ነው። አንድ ማቀዝቀዣ 1,500 ዋት ያህል ቢስብ፣ የውኃ ማሞቂያው 1,400 ቢጨምር፣ የቤቱ እመቤት ደግሞ ይዛ የመጣችውን 1,500 ዋት የሚስብ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብትሰካ፣ እንጀራው ዓይን ሳያወጣ ብሬከሩ ይወርዳል። ባለ 50 አምፔሩ መስመር ሁለት የ120 ቮልት ሽቦዎች ስላሉት እስከ 12,000 ዋት ይሰጣል። ስለዚህ ሁለተኛውን ማቀዝቀዣ ዛሬ የማይፈልግ ሰው እንኳ ሽቦውንና የጣሪያውን ማጠናከሪያ አሠርቶ መሣሪያውን ለሌላ ጊዜ ቢያቆየው ብልህነት ነው። የፀሐይ ሰሌዳን በሚመለከት ከልክ ያለፈ ተስፋ ይታያል። ባለ 200 ዋት ሰሌዳ አምስት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ቢያገኝ 1,000 ዋት ሰዓት ይሰበስባል፤ ይህም ማቀዝቀዣውን 40 ደቂቃ ያህል ቢያሠራ ነው። ለመብራት፣ ለውኃ ፓምፕና ለስልክ ግን ይበቃል። የሊቲየም ባትሪ ከእርሳስ ባትሪ ቀላል ከመሆኑም በላይ ያከማቸውን ኃይል ሁሉንም ያህል ይሰጣል፤ የእርሳሱ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሽ በታች ባይወርድ ይመረጣል። ሆኖም ሊቲየሙ ከዜሮ ዲግሪ በታች ኃይል መሞላት ስለማይገባው ክረምቱን በብርድ አገር የሚያሳልፍ ሰው ቦታውን አስቀድሞ ያስብበት።

ትእዛዙ ከመፈረሙ በፊት የእያንዳንዱን ዕቃ ክብደት በጽሑፍ መጠየቅ የገዢው መብት ነው፤ በማስታወቂያ ወረቀት ላይ የሚታተመው ቁጥር ምንም ያልተጨመረበትን ቤት የሚመለከት ሊሆን ይችላልና። የተሠራው ቤት ሲመጣ በበሩ አጠገብ የተለጠፈው ወረቀት ጭነቱ ከስንት ኪሎ መብለጥ እንደሌለበት ይናገራል፤ ቁልፍ ከመረከብ አስቀድሞ ይህን አንብቦ ከስሌቱ ጋር ማስተያየት ያሻል። ከዚያም ውኃው ተሞልቶ፣ ዕቃው ተጭኖ፣ ቤተሰቡም ገብቶ፣ በአውራ ጎዳናው ዳር የጭነት መኪኖች በሚያርፉበት ሥፍራ ካለው ሚዛን ላይ ፒክ አፑና ተሳቢው በየአክስላቸው ይመዘኑ፤ ይህም ከመጀመሪያው ረጅም ጉዞ በፊት እንጂ በኋላ አይሁን።