እንጀራው ከበሽታው ይቅደም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ፤ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ስለ ረኃብና ስለ በሽታ ስንነጋገር ብዙ ጊዜ ነገሩን ሁሉ ወደ ሰማይ እናነሣዋለን። ዝናም ሲቀር ረኃብ መጣ፥ ሰው ሲታመም መቅሠፍት ወረደ እንላለን። ዝናምን የሚሰጥና የሚከለክል እግዚአብሔር መሆኑን እናምናለን። ነገር ግን አንዱ ድርቅ በአንድ መንደር ላይ ወርዶ የአንዱን ቤት ነክቶ ሲያልፍ የሌላውን ቤት የሚያፈርሰው ከእኛ ከሰዎች አኗኗር የተነሣ እንደ ሆነ ልናስተውል ይገባናል። ለዚህም ምስክር የሚሆነን በየገበያው የምናየው አንድ እህል ነው፤ እርሱም ጓያ ነው።

ጓያ ክረምት ሲወጣ ውሃ በያዘው በመረሬ መሬት ላይ ይዘራል። ብዙ እርሻ አይሻም፤ ዝናም ሲበዛም ሲጎድልም ይችላል። ስለዚህ ሌላው አዝመራ ሲጠፋ ጓያው ይተርፋል፤ ዋጋውም ርካሽ ነውና በክፉ ዘመን ለድኻው የሚቀርለት እርሱ ብቻ ይሆናል። ነገር ግን በውስጡ መርዝ አለበት። ሁለትና ሦስት ወር ያህል ሌላ እህል ሳይቀላቅል ጓያን ዋና ምግቡ ያደረገ ሰው ጉልበቱ ሊከዳው፥ እግሮቹም ሊተሳሰሩ ይችላሉ፤ በጣቶቹ ጫፍ እየረገጠ በምርኩዝ ይሄዳል። አንድ ጊዜ ከሰበረው ወዲያ የሚያድነው መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘም። ከሁሉ ይልቅ የሚያጠቃውም ሞፈር የሚጨብጠውን ወጣቱን ወንድ ነው። ስለዚህ ረኃብ በሽታን ይወልዳል፤ በሽታውም አራሹን ከእርሻው አስቀርቶ ሌላ ረኃብ ይወልዳል። በደምቢያና በፎገራ በ1969 ዓ.ም. ገደማ ብዙ ሰው በዚህ ደዌ ተመታ። ከ1988 ዓ.ም. ድርቅ በኋላም በወሎ በደላንታና በዳውንት እንዲሁ ሆነ።

ምእመናን ሆይ፤ ባለጠጋውም ጓያ ይበላል። ነገር ግን ሽሮ አድርጎ ከጤፍ እንጀራ ጋር ይበላዋልና አይሰበርም። ድኻው ጓያውን ቂጣም፥ ወጥም፥ ንፍሮም አድርጎ ጧትና ማታ እርሱኑ ብቻ ይበላል፤ ይሰበራልም። እህሉ አንድ ነው፤ የተለያየው ገበታው ነው።

በዚህ ነገር እኔ ራሴ የምናዘዘው በደል አለብኝ። በቆሎ ተማሪነቴ ዘመን በጎንደር አገር በአንድ የቅኔ ጉባኤ ቤት ሳለሁ አዝመራው የጠፋበት ዓመት መጣ። እኛ ተማሪዎች አኩፋዳችንን አንግተን በየደጁ እየቆምን በእንተ ስማ ለማርያም እንል ነበር። ከጉባኤ ቤቱ በታች አንድ ጎልማሳ ገበሬ ነበረ። የራሱ ቤት፥ የራሱም መሬት ያለው፥ ልመናን የሚያፍር ሰው ነበረ። በደጁ በቆምን ቁጥር የጓያ ንፍሮ እየዘገነ ይሰጠን ነበር እንጂ አንድ ቀን እንኳ ባዶ እጃችንን አልመለሰንም። በማግሥቱ ዓመት ያ ሰው በሁለት ምርኩዝ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመጣ አየነው። ጥቂት ቆይቶም ከደጀ ሰላሙ ከነዳያን ጋር ተቀመጠ። የአገሩ ሰው የጓያው እንፋሎት መታው ይል ነበር፤ እኛም አምነን እግዚአብሔር ይማርህ እያልነው እናልፍ ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ ሐኪም ሰውን የሚሰብረው እንፋሎቱ ሳይሆን ለብቻው አዘውትሮ መብላቱ እንደ ሆነ አስረዳኝ። ያን ጊዜ ልቤ ተነካ። እኛም በዚያው ዓመት ያንኑ ጓያ በልተን ነበርና። ነገር ግን በአኩፋዳችን ውስጥ የአንዱ ቤት ገብስ፥ የሌላው ቤት ማሽላ፥ የሌላውም ቤት ቁራሽ እንጀራ ተቀላቅሎ ነበር። እኛን የጠበቀን የብዙ ቤት እህል በአንድነት መብላታችን ነው። እርሱ ግን ለእኛ እየሰጠ ለብቻው በላ፤ ለብቻውም ተሰበረ። እኛ ከእጁ ተቀበልን እንጂ ሌላ እህል አለህን ብለን አልጠየቅነውም።

በሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 3 ጴጥሮስና ዮሐንስ ለጸሎት ሲወጡ በመቅደሱ ደጅ ምጽዋት የሚለምነውን ሽባ በጌታ ስም እንዳስነሡት እናነባለን። ጥቂት አለፍ ብለን በምዕራፍ 6 ስናነብ ደግሞ የግሪክ ቋንቋ የሚናገሩት መበለቶች በየዕለቱ በሚታደለው ምግብ ቸል እንደ ተባሉ እናገኛለን። መጽሐፉ ምግብ ጠፋ አይልም፤ ቸል ተባሉ ይላል እንጂ። ባል የሌላቸው፥ በቋንቋም የተለዩ ነበሩና ተረሱ። ሐዋርያትም ይህን ሲሰሙ መበለቶቹን በትዕግሥት ቻሉት ብለው አላሰናበቱም። እስጢፋኖስንና ስድስቱን ባልንጀሮቹን ለማዕዱ አገልግሎት ሾሙ። ከዚህ የምንማረው ቤተ ክርስቲያን ከደጅ ለወደቀው ስትጸልይ ገና ላልወደቀውም ገበታውን መመልከት ሥራዋ መሆኑን ነው። ለተሰበረው ሰው ሳንቲም መወርወር መልካም ነው፤ ነገር ግን የዘገየ መልካም ነው። አንድ ቁና ገብስ በጊዜው ቢደርስለት ኖሮ ያ ገበሬ ዛሬም በሬውን ይጠምድ ነበር።

እንግዲህ ምን እናድርግ? እኛ ካህናት ለንስሐ ልጆቻችን ጠበል ልንረጭ ወደ ቤት ስንገባ ስለ ነፍሳቸው እንደምንጠይቅ ስለ ድስታቸውም እንጠይቅ። እናንተ ባለጠጎች እህል በሚያጥርበት ወራት ጎረቤታችሁ ጓያ ብቻ እንደቀረው ስታውቁ ገብሱን ወይም ማሽላውን ሰፍራችሁ በጓያው ለውጡለት፤ እንዲህ ብታደርጉ እርሱም አያፍርም። ማኅበርተኞችና ዕድርተኞችም ለሞተው ተዝካር የምታወጡትን ያህል በሕይወት ላለው አስቡ። በጾም ወራት ከምሳችን የምናተርፈው እህል በጎተራችን ቢቀር ቁጠባ ነው፤ ለተራበው ቢደርስ ግን ጾም ነው። አንተም ጓያ የቀረልህ ወንድሜ፥ ችግርህን አትሸሽግ። ጓያውን ዘፍዝፈህ ውሃውን ድፋው፤ ከምታገኘው ሌላ እህል ጋርም ቀላቅለው። ይህ ጉዳቱን ይቀንሳል እንጂ ፈጽሞ አያጠፋውምና ጎረቤትህን ለመጠየቅ አትፈር።

ያ ሰው ዛሬ በሕይወት ይኑር አይኑር አላውቅም። በሕይወት ቢኖርና ይህን ቃል ቢሰማ፥ ንፍሮውን ከእጁ የተቀበልሁ እኔ ይቅርታውን እለምናለሁ።

አምላካችን እግዚአብሔር ዝናሙን በወራቱ ያዝንምልን፤ የተሰበሩትን ያጽናልን፤ የባልንጀራችንን ገበታ የምናይበትን ዐይን ይስጠን። የእናቱ የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።