የቋጥኙ ዳር ወፎችና የባሕሩ ጎተራ



የዛሬው ንግግሬ በአህጉራችን በአፍሪካ ደቡባዊ ጫፍ ስለሚገኝ አንድ የባሕር ዳርቻና በዚያ በቋጥኞች መካከል ስለሚኖሩ ወፎች ነው። የወፍ ነገር ለመሥሪያ ቤት ሰው ምን ይረባዋል የሚል ቢኖር፣ ጥቂት እንዲታገሠኝ እለምነዋለሁ። የእነዚህ ወፎች ታሪክ ለዓይን ደስ ከማሰኘቱም በላይ፣ አንድን ነገር እንዲጠብቅ አደራ የተሰጠው ሰው ጥበቃውን ከየት ጀምሮ እስከ የት ማድረስ እንደሚገባው የሚያስተምር ነውና። በንግግሬ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

በስብሰባ፣ በትምህርት ወይም በዕረፍት ምክንያት ወደ ኬፕ ታውን የሚሄድ ሰው፣ ከከተማው ወደ ደቡብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ቢጓዝ ሳይመንስ ታውን ከምትባል የባሕር ኃይል ወደብ ይደርሳል። ከዚህች ከተማ ዳር፣ ፎልስ ቤይ በሚባለው ሰፊ የባሕር ወሽመጥ ላይ፣ ቦልደርስ የተባለው ዳርቻ ይገኛል። ስሙ በእንግሊዝኛ ታላላቅ ድብልብል ቋጥኞች ማለት ሲሆን፣ በእውነትም ስፍራው ስሙን የመሰለ ነው። ቋጥኞቹ ከ500 ሚሊዮን ዓመት በፊት በምድር ውስጥ ከቀለጠ ዐለት ቀዝቅዞ የተሠራ ግራናይት ናቸው። ከላያቸው የነበረው ምድር በዘመናት ብዛት ተሸርሽሮ ካለቀ በኋላ፣ ፀሐይ፣ ዝናምና ነፋስ ጠርዛቸውን እየበሉ እንደ ዝሆን ጀርባ አድርገው አለዘቧቸው። እነዚህ ቋጥኞች ከባሕሩ የሚመጣውን ማዕበል እየሰበሩ ስለሚያበርዱት፣ በመካከላቸው ጸጥ ያለ ውሃና ነጭ አሸዋ ያላቸው ትናንሽ መጠለያዎች ተፈጥረዋል። ስፍራው ዛሬ ቴብል ማውንቴን የተባለው ብሔራዊ ፓርክ ክፍል ሆኖ በመንግሥት ይጠበቃል።

በዚህ ዳርቻ የሚኖረው ዝነኛ ወፍ የአፍሪካ ፔንጉዊን ይባላል። ፔንጉዊን ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የበረዶውን አገር ነው። ይህ ዓይነቱ ግን የሚፈለፈለው በአፍሪካ ብቻ፣ ይኸውም በናሚቢያና በደቡብ አፍሪካ ጠረፎችና ደሴቶች ነው። ቁመቱ ከ60 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱም ሦስት ኪሎ ግራም ያህል ነው። ክንፍ ቢኖረውም አይበርም። ጀርባው ጥቁር፣ ሆዱ ነጭ መሆኑ እንዲሁ ለጌጥ አይደለም፤ በሚዋኝበት ጊዜ ከላይ የሚያየው ጠላት ጥቁሩን ከጥልቁ ባሕር፣ ከታች የሚያየው ደግሞ ነጩን ከሰማዩ ብርሃን ለመለየት ይቸገራል። በደረቱ ላይ ያሉት ነጠብጣቦች እንደ ሰው የጣት አሻራ ናቸው፤ የአንዱ ከሌላው አይገጥምም። ድምፁ ግን ከመልኩ ጋር ፈጽሞ አይስማማም። ሲጮህ ልክ እንደ አህያ ያናፋል፤ ስለዚህ የአገሩ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ የአህያ ፔንጉዊን ሲሉት ኖረዋል።

ወደ ስፍራው ብትሄዱ፣ ከአሸዋው ከፍ ብሎ በተሠራ የእንጨት ርብራብ መተላለፊያ ላይ እየተራመዳችሁ ታያላችሁ። በመጀመሪያ የሚታያችሁ ወፎቹ በምድር ላይ ሲራመዱ ነው፤ እየተንገዳገዱ ሲሄዱ ለሳቅ ይጋብዛሉ። ነገር ግን አትቸኩሉ፤ ከውሃው ጫፍ እስኪደርሱ ጠብቁ። ያ በምድር ላይ የሚደናቀፈው ወፍ ወደ ባሕሩ በገባ ጊዜ እንደ ተወረወረ ጦር ይሆናል። በሰዓት እስከ 20 ኪሎ ሜትር ይዋኛል፤ ሲያስፈልገውም ከ100 ሜትር በላይ ይጠልቃል። ማንኛውም ፍጡር በተፈጠረበት ስፍራ ሲታይ ግርማ እንዳለው ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ትርኢት ብዙ አይገኝም።

ዓይናችሁን ከፔንጉዊኖቹ አንሥታችሁ ወደ ቋጥኞቹ ብትመለከቱ፣ ፀሐይ የሚሞቁ ሽኮኮዎችን ታገኛላችሁ፤ በአገራችን ገደል ላይ የምናውቃቸው ዓይነት ናቸው። ባሕሩ ከሚመታው ዐለት ላይ ጥቁር ላባና ቀይ መንቁር ያለው ሌላ ወፍ ቀንድ አውጣና ዛጎል እየፈለቀቀ ሲበላ ይታያል። ከነሐሴ እስከ ኅዳር ባሉት ወራት ደግሞ ዕድል የቀናው ሰው ዓሣ ነባሪዎች በወሽመጡ ውስጥ ሲተነፍሱ፣ የውሃው ጭስ ወደ ላይ ሲወጣ ከሩቅ ለማየት ይችላል።

ስለ አመለካከቱ ሥርዐት ጥቂት ቃል ልጨምር። በዚህ ስፍራ የተመልካች ጨዋነት እጅን መሰብሰብ ነው። ወፎቹን መንካትም ሆነ ማብላት የተከለከለ ነው፤ የነካቸውም ሰው መንቁራቸው ምን ያህል ስለታም እንደሆነ ወዲያው ይረዳል። በተለይ ላባው ተበጣጥሶ፣ ሰውነቱ ተጎሳቁሎ፣ ከአንድ ስፍራ ሳይንቀሳቀስ የቆመ ወፍ ብታዩ የታመመ መስሏችሁ አትቅረቡት። በዓመት አንድ ጊዜ ላባውን በሙሉ የሚለውጥበት ወራት ነው። አዲሱ ላባ እስኪበቅል ድረስ ውሃ ስለሚያስገባው ወደ ባሕር ሊወርድ አይችልም፤ ስለዚህ ሦስት ሳምንት ያህል ምንም ሳይበላ ይጾማል። ሰው በቀረበውና ባስደነገጠው ቍጥር ለጾሙ ያጠራቀመውን ስብ በከንቱ ያወጣል። ከመኪና ማቆሚያው ስትነሡም ከመኪናችሁ ሥር እንድትመለከቱ የሚያሳስብ ጽሑፍ ታነባላችሁ፤ ወፎቹ ጥላ ፍለጋ ከጎማ አጠገብ መተኛት ይወዳሉና።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። ፔንጉዊኖች በዚህ ዳርቻ የሰፈሩት በቅርብ ጊዜ ነው። በ1982 ሁለት ጥንዶች መጥተው ጎጆ ሠሩ፤ ከእነዚያ ሁለት ጥንዶች የተጀመረው ሰፈር በሺህ ወደሚቈጠር ወፍ አደገ። ለዚህ ዕድገት ምክንያት ከሆኑት ነገሮች አንዱ፣ በዚያው ዘመን በወሽመጡ ውስጥ በታላላቅ ከባቢ መረቦች ዓሣ ማጥመድ መታገዱ ነው። መረቡ ሲነሣ ሰርዲንና አንቾቪ የተባሉት ትናንሽ ዓሦች ለወፎቹ ተረፉ። እንግዲህ ወፎቹን የጠራቸው የቋጥኙ ውበት ብቻ እንዳልሆነ ልብ በሉ፤ ከቋጥኙ ፊት ለፊት ያለው ጎተራ በመሙላቱ ነው።

የፔንጉዊኑ ወገን በጠቅላላው ሲታይ ግን ታሪኩ የሚያሳዝን ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ አንድ ሚሊዮን ተኩል ያህል ወፍ እንደነበረ ሊቃውንት ይገምታሉ። ሰው ግን አስቀድሞ ቤቱን አፈረሰበት። ፔንጉዊን በጥንት ዘመን ጎጆውን የሚቈፍረው በደሴቶቹ ላይ ተከማችቶ በደነደነው የአእዋፍ ኩስ ውስጥ ነበር። ከ1840ዎቹ ጀምሮ ይህ ኩስ ለአውሮፓ እርሻ ማዳበሪያ እየሆነ በመርከብ ተጋዘ፤ ደሴቶቹም እስከ ዐለታቸው ድረስ ተፋቁ። ወፎቹ በገላጣ ምድር ላይ እንቁላል መጣል ግድ ስለሆነባቸው ለፀሐይ፣ ለጎርፍና ለነጣቂ ወፎች ተጋለጡ። ቀጥሎ እንቁላላቸው ራሱ ለገበያ ቀረበ፤ በየዓመቱ በመቶ ሺዎች የሚቈጠር እንቁላል ይለቀም ነበር። የተፈቀደው ለቀማ ያበቃው በ1967 ነው።

ከዚያ በኋላ ደግሞ የመርከብ ነዳጅ ዘይት መጣ። በሰኔ ወር 2000፣ ትሬዠር የተባለች የብረት ማዕድን የጫነች መርከብ በሮበንና በዳሰን ደሴቶች መካከል ሰጠመች፤ ከእርሷ የፈሰሰው ዘይትም 19,000 ያህል ፔንጉዊኖችን አቆሸሸ። በዚያን ጊዜ የተሠራው ሥራ በሰው ልጅ መልካም ተግባር መዝገብ ውስጥ ሊጻፍ የሚገባው ነው። በአሥር ሺዎች የሚቈጠሩ ሰዎች ያለ ደመወዝ መጥተው ወፎቹን አንድ በአንድ አጠቡ፤ በእጃቸውም ዓሣ አጎረሱ። ዘይቱ ያልነካቸውን 19,500 ያህል ወፎች ደግሞ በመኪና ጭነው በመቶ ኪሎ ሜትሮች ወደሚርቀው ወደ ፖርት ኤልሳቤጥ አካባቢ ወስደው ለቀቋቸው። ሐሳቡ ወፎቹ ዋኝተው ወደ ቤታቸው እስኪመለሱ ድረስ ባሕሩ እንዲጸዳ ነበር፤ እንደታሰበውም ሆነ። መንገዳቸው እንዲታወቅ መሣሪያ የተደረገላቸው ሦስት ወፎች፣ ፒተር፣ ፓሜላና ፐርሲ የተባሉት፣ ጉዟቸውን ሕዝቡ በየቀኑ እየተከታተለ ወደ አገራቸው ገቡ።

አድማጮቼ፤ የወፉ መከራ በዚህ ቢያበቃ ንግግሬም በዚህ ባበቃ ነበር። ኩስ መፋቁ ቀረ፣ እንቁላል መልቀሙ ተከለከለ፣ ዘይት የነካው ወፍ ታጠበ፣ ዳርቻዎቹም ታጥረው ጠባቂ ቆመላቸው። ሆኖም ቍጥሩ ማሽቆልቆሉን አላቆመም። ምክንያቱ ረኀብ ነው። ሰርዲን ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከምዕራቡ ጠረፍ ወደ ምሥራቅ እየራቀ ሄደ፤ የዓሣ አጥማጆቹ መረብ ግን በምዕራቡ በኩል የተረፈውን ጥቂት ማጥመዱን አልተወም። በዳሰንና በሮበን ደሴቶች ከ2004 እስከ 2011 ባሉት ዓመታት፣ በዚያ ይፈለፍሉ ከነበሩት ወፎች 95 በመቶ ያህሉ እንዳለቁ ሊቃውንት አስታውቀዋል። ላባ ከመለወጡ በፊት ጠግቦ ያልበላ ወፍ ጾሙን ሊፈጽም አይችልም፤ አጥር ባለው፣ ጠባቂ በቆመበት ዳርቻ ላይ ቆሞ ይሞታል። በ2024 ይህ ወፍ ከምድር ሊጠፉ እጅግ ከተቃረቡት ፍጥረታት ተራ ተመዘገበ፤ የቀሩትም የሚፈለፍሉ ጥንዶች ከ10,000 በታች ነበሩ።

ለሥራ ባልደረቦቼ ለመንግሥት ሠራተኞች ልናገረው የፈለግሁት ነገር እዚህ ላይ ነው። ዳርቻውን የሚጠብቀው ክፍል ሌላ ነው፤ ዓሣው ምን ያህል እንዲጠመድ የሚወስነው ክፍል ሌላ ነው። ጎብኚው የከፈለው ገንዘብ የእንጨቱን ርብራብ ይጠግናል፤ ወፉ የሚበላው ዓሣ ግን የሚወሰነው ሌላ ጠረጴዛ ላይ፣ በሌላ መዝገብ ነው። ሁለቱ መዝገቦች ካልተገናኙ፣ እያንዳንዱ ሹም ግዴታውን በሚገባ ፈጽሞ ሳለ የተጠበቀው ነገር ይጠፋል። በደቡብ አፍሪካ በስድስት የፔንጉዊን ሰፈሮች ዙሪያ ማጥመድ ይታገድ ወይስ አይታገድ የሚለው ክርክር ከ2008 ጀምሮ በሙከራና በጥናት ብዙ ዓመታት ፈጅቷል። ዓሣ አጥማጆቹም ያለ ምክንያት አልተከራከሩም፤ የብዙ ሠራተኛ እንጀራ በመረቡ ላይ ነውና። በመጨረሻ የወፍ ጠባቂ ማኅበራት ነገሩን ወደ ፍርድ ቤት ወሰዱት። በመጋቢት ወር 2025 ማኅበራቱ፣ የዓሣ ኢንዱስትሪውና መንግሥት በመስማማታቸው፣ በስድስቱ ሰፈሮች ዙሪያ ሰርዲንና አንቾቪ በመረብ እንዳይጠመድ የሚከለክሉ ወሰኖች እስከ 2033 እንዲጸኑ የፕሪቶሪያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አዘዘ። ትእዛዙ ወፉን ያድነው እንደሆነ ጊዜ ያሳየናል። ቢሆንም ጥበቃው ከአሸዋው ተነሥቶ ወደ ጎተራው ደርሷል።

ይህ ነገር ለእኛም እንግዳ አይደለም። በስምጥ ሸለቆአችን ፔሊካን የተባሉት ትላልቅ ነጭ ወፎች ጎጇቸውን የሚሠሩት በሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ ነበር፤ ሻላ ግን ዓሣ የሌለው ያህል ስለሆነ ምግባቸውን የሚያገኙት ከጎረቤቱ ከአብያታ ነበር። ወደ አብያታ የሚገባው ውሃ ለመስኖ ሲጠለፍ፣ የራሱም ውሃ ለሶዳ ሲቀዳ፣ ሐይቁ ሸሸ፤ ጨዉ በረታ፤ ዓሣውም አለቀ። በደሴቱ ላይ ማንም እጁን አልዘረጋም፤ ሆኖም ወፎቹ ተመናመኑ። ሁለቱም ሐይቆች በአንድ ብሔራዊ ፓርክ ስም ተጽፈው ሳለ፣ ውሃው የሚታዘዘው ግን ከፓርኩ ወሰን ውጭ ነበር።

ስለዚህ ዕድል ገጥሟችሁ በዚያ የእንጨት ርብራብ ላይ ብትቆሙ፣ በወፎቹ አካሄድ ሳቁ፤ በዋናቸውም ተደነቁ። ከዚያ በኋላ ግን ዓይናችሁን ከአሸዋው አንሥታችሁ ወደ ባሕሩ አሻግራችሁ ተመልከቱ። ወፉ ከውሃው ሲወጣ ለጫጩቱ የሚያጎርሰው ነገር ይዞ እንደሆነ ወይም ባዶውን ተመልሶ እንደሆነ የሚወሰነው በዚያ ነው። ወደየመሥሪያ ቤታችሁ ስትመለሱም፣ እንድትጠብቁት የተሰጣችሁ ነገር ትምህርት ቤትም ይሁን ደን፣ ጎተራው የት እንዳለና ቁልፉ በማን እጅ እንደሆነ ጠይቁ።