ከዛፍ ልጥና ከሥር የሚሠራው ባርኔጣ

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ስለ ባርኔጣ እንናገራለን ብንል ከመካከላችሁ ፈገግ የሚል አይጠፋም። ነገር ግን የምንናገርለት ባርኔጣ ከሱቅ የሚገዛው አይደለም። በአላስካ ደቡብና በካናዳ ምዕራባዊ የባሕር ጠረፍ የሚኖሩ ሃይዳና ትሊንጊት የተባሉ ነባር ሕዝቦች ከዛፍ ልጥና ከዛፍ ሥር የሚሠሩት ነው። ዓመቶቹን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እንገልጻለን።

አገሩ ዝናም የሚበዛበት፤ ደኑም ጥቅጥቅ ያለ ነው። ልጡ የሚገኘው ቀይ ሴዳር ከሚባለው፤ ከአገራችን ጥድ ጋር አንድ ወገን ከሆነው ዛፍ ነው። ብርዱ አልፎ የዛፉ ፈሳሽ ወደ ላይ በሚወጣበት ወራት ግንዱን ከታች በአግድም ይበጡና ልጡን ወደ ላይ ይስቡታል፤ እየጠበበ ሄዶ ከላይ ይበጠሳል። ዛፉ እንዳይሞት ከአንዱ ግንድ የሚወስዱት ጥቂት ብቻ ነው። እንዲህ የተላጡ ዛፎች ጠባሳቸውን እንደ ያዙ ዛሬም በሕይወት ቆመው ይታያሉ። የውጭው ቅርፊት ይጣላል፤ የውስጡ ልጥ ይደርቃል፤ በኋላም በውኃ ተዘፍዝፎ ይሰነጠቃል።

ስፕሩስ የሚባለው ዛፍ ሥር ደግሞ ተቆፍሮ ይወጣና በእሳት ይለበለባል፤ በተሰነጠቀ እንጨት መካከል ሲጎተት ቅርፊቱ ይገፈፋል። ከዚያም በርዝመቱ ይሰነጠቅና የሚያብረቀርቀው የላይኛው ክፍል ለማግ፤ የውስጠኛው ለድር ይሆናል።

አሠራሩ እናቶቻችን መሶብ ሲሰፉ ከምናየው ይለያል፤ ወስፌ የለበትም። ሥራው ከአናቱ ይጀመራል። ሁለት ማጎች እርስ በርሳቸው እየተጠላለፉ እያንዳንዱን ድር አቅፈው ይዞራሉ፤ ወደ ታች በወረደ ቁጥር ድር እየተጨመረ ባርኔጣው ይሰፋል። ጠበቅ ብሎ የተሠራ እንደ ሆነ ሲረጥብ ያብጥና ዝናም አያስገባም።

ባርኔጣው መከለያ ብቻ አልነበረም። የወገን ምልክት ይሣልበታል፤ በመኳንንቱም ባርኔጣ አናት ላይ ቀለበቶች ይደረደሩበታል። ሴቶች ይሠራሉ፤ ወንዶች ይሥላሉ። ኢዛቤላ ኤደንሾ የሠሩትን ባርኔጣ በ1920 የሞቱት ባለቤታቸው ቻርልስ ኤደንሾ ይሥሉበት ነበር።

ይሁን እንጂ መከራ መጣ። በ1862 የገባው ፈንጣጣ ብዙ መንደር ባዶ አስቀረ። ከ1885 እስከ 1951 ደግሞ የካናዳ መንግሥት ፖትላች የሚባለውን የግብዣና የስጦታ ሥርዓት በሕግ ከለከለ። ባርኔጣው በክብር የሚታይበት አደባባይ ተዘጋ ማለት ነው። ብዙዎቹ ባርኔጣዎች ወደ ሩቅ አገር ቤተ መዘክር ሄዱ፤ የሚሠሩት እጆች ግን እያነሡ መጡ።

እንግዲህ ጥበቡ እንዴት ተረፈ? ሰሊና ፔራትሮቪች የተባሉ የሃይዳ ባለሙያ ልጃቸውን ደሎረስ ቸርችልን ሲያስተምሩ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሠራቻቸውን ቅርጫቶች እንድታቃጥል ያደርጓት ነበር። ከእኔ ተማርሁ የምትል ከሆነ ሥራዋ ጉድለት ሊኖረው አይገባም ብለው ነው። ይህችው ልጅ በ2006 አሜሪካ ለባህል ባለሙያዎች የምትሰጠውን ከፍተኛ ክብር ተቀበለች። በ1999 በካናዳ ከሚቀልጥ በረዶ ውስጥ ከረጅም ዘመን በፊት የሞተ ወጣት አስከሬን በተገኘ ጊዜ አብሮት የተገኘውን የሥር ባርኔጣ ለማወቅ የደከሙትም እኚሁ ወይዘሮ ናቸው። ሊቃውንቱ ዕድሜውን በመሣሪያ ሲመረምሩ፤ እርሳቸው አሠራሩን ከእጅ ልማድ ያነቡታል።

ጓደኞቻችን፤ ቤተ መዘክር ባርኔጣውን ሊያኖር ይችላል፤ ልጡ በየትኛው ወር እንደሚላጥ፤ ሥሩ ምን ያህል እንደሚለበለብ ግን ከሠሪው እጅ በቀር የሚያውቅ የለም። እኛ በመጽሐፍ ያልተጻፈውን እንደ ዕውቀት ሳንቈጥር የምናልፍ ተማሪዎች ነን። ስለዚህ ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንመለስ ሥራ ከሚያውቁት አጠገብ ቁጭ ብለን እንጠይቅ፤ የሠራነውም ባያምር፤ እንደ ደሎረስ አቃጥለን እንደገና እንጀምር።