የቢላዎቻችን መዝገብ

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



የዓመቱ የገቢና የወጪ ሪፖርት በእጃችሁ ገብቷል። ዛሬ የምንናገረው በንብረት ዝርዝሩ ውስጥ ስላለች አንዲት መስመር ነው። «በእጅ የተሠሩ የማጀት ቢላዎች፣ ብዛት 34» ትላለች። ከደጋፊዎቻችን አንዳንዶቹ ይህን አይተው «ማኅበሩ ቢላዋ የሚሰበስበው ለምንድን ነው?» ብለው ጠይቀዋል። ከአባሎቻችንም «ሱቁ ሁሉ ቢላዋ ሞልቶት ሳለ የአሮጌ ቢላዋ ክምችት ምን ያደርግልናል?» ያሉ አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። በንብረት መዝገብ ላይ የሰፈረ ነገር ሁሉ መልስ ሊኖረው ይገባል።

ቢላዎቹ የመጡት ከእናንተው ማጀት ነው። አብዛኞቹ ከእናት ወደ ልጅ የተላለፉ ናቸው። ሽንኩርትና ጎመን መክተፊያ የሆነ ሰፊ አለ፤ ለቋንጣ ሥጋ መዘልዘያ የሚሆን ረጅምና ስስ አለ፤ የዶሮ ብልት ማውጫ የሆነ አጭርና ጠባብ አለ። ዶሮ የሚገነጥል ሰው 12ቱን ብልት ሳያጎድል ለማውጣት አጥንት መስበር የለበትም፤ መገጣጠሚያውን ፈልጎ ማለፍ አለበት። ስለዚህ የዶሮ ቢላዋ ጫፉ ሹል፣ ወገቡ ጠባብ ሆኖ ይሠራል። ይህን ለቀጥቃጩ የነገረችው ሴቷ ናት። «ለኔ እጅ እንዲህ አድርገህ ሥራልኝ» ብላ አዝዛ፣ ቆማ አሠርታ፣ ይዛ የገባችው ዕቃ ነው። ከ34ቱ ውስጥ አንዱ ከመሳል ብዛት አልቆ ወስፌ መስሏል፤ አሁንም ግን ይቆርጣል።

የአብዛኞቹ ብረት ከመኪና ባሌስትራ የተወሰደ ነው። ይህ በአጋጣሚ የሆነ ምርጫ አይደለም። ባሌስትራ ካርቦኑ ከግንባታ ፌሮ ስለሚበልጥ ግሎ ውሃ ወይም ዘይት ውስጥ ሲጠልቅ ይጠነክራል፤ ፌሮ ግን በዚያ መጠን አይጠነክርም፣ ስለቱም ቶሎ ይዶለዱማል። ቀጥቃጩ ብረቱን በከሰል እሳት ያግላል፣ በመስፍ ላይ አድርጎ በመዶሻ ይቀጠቅጣል፣ ቅርጽ ከያዘ በኋላ እንደገና አግሎ ያጠልቀዋል። በዚህ ጊዜ ብረቱ ጠንካራ ቢሆንም እንደ ብርጭቆ የሚሰበር ነው። ስለዚህ በለስላሳ እሳት መልሶ ያሞቀዋል፤ ቀለሙ ወደ ገለባ ሲያደላ ያወጣዋል። ሙቀት መለኪያ የለውም፤ የሚለካው በዓይኑ ነው። የብረቱን ቀለም ለማየት ጥላ ስለሚያስፈልግ ነው የቀጥቃጭ ቤት ጨለምለም የሚለው። እጀታው ከወይራ እንጨት ወይም ከከብት ቀንድ ይሠራል። ቀንድ በእሳት ሲሞቅ ስለሚለሰልስ እንደተፈለገው ይታጠፋል።

የሱቁን ቢላዋ ለማጣጣል ይህን አንናገርም። የፋብሪካው ቢላዋ አይዝግም፣ ዋጋውም ይቀላል። የባሌስትራው ቢላዋ ሎሚና ሽንኩርት ከነካ በኋላ ካልተጠረገ ይጠቁራል፣ ይዝጋል። ሆኖም ተስሎ ተስሎ የሴትን ዕድሜ ያህል የሚያገለግለው እሱ ነው።

በሌላው ዓለም እንዲህ ያለውን ቢላዋ በትዕዛዝ የሚያሠሩና የሚሰበስቡ ብዙ ሰዎች አሉ። በጃፓን ሳካይ ከተማ አንዱ ይቀጠቅጣል፣ ሌላው ይስላል፣ ሦስተኛው እጀታ ይገጥማል። በአሜሪካ ያለ የቢላዋ ቀጥቃጮች ማኅበር አባሉን ሲፈትን፣ በራሱ በሠራው ቢላዋ የተንጠለጠለ ገመድ በአንድ ምት እንዲቆርጥ፣ እንጨት እንዲቆራርጥ፣ ከዚያ በዚያው ስለት ፀጉር እንዲላጭ ያደርጋል። በመጨረሻም ቢላዋው 90 ዲግሪ ታጥፎ እንዳይሰበር ይጠበቃል። በጀርመን ዞሊንገን የምትባል ከተማ አለች። ከ1938 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚያ ያልተሠራ ቢላዋ የከተማዋን ስም እንዳይሸከም በሕግ ተከልክሏል። በእነዚህ ቦታዎች ሁሉ የሠሪው ወይም የቦታው ስም በብረቱ ላይ ታትሞ ይወጣል። ሰብሳቢውም የሚከፍለው ለብረቱ ብቻ ሳይሆን ለስሙም ነው።

አሁን ወደ እኛ መዝገብ እንመለስ። ለእያንዳንዱ ቢላዋ አምስት ዓምድ አዘጋጅተናል፦ ማን አመጣው፣ ከምን ብረት ተሠራ፣ እጀታው ምንድን ነው፣ ለምን ሥራ ይውል ነበር፣ ማን ሠራው። አራቱ ዓምዶች ሞልተዋል። አምስተኛው ዓምድ የሞላው ለ9 ቢላዎች ብቻ ነው። የቀሩትን ስንጠይቅ ያገኘነው መልስ ተመሳሳይ ነው፤ «ከቅዳሜ ገበያ ነው፣ አንድ ባለእጅ ነው የሠራው»። ዶሮዋ የተገዛችበትን ዓመት የምታስታውስ እናት፣ ለ20 ዓመት በእጇ የያዘችውን ቢላዋ የሠራውን ሰው ስም አታውቅም።

ይህ የመርሳት ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ባለእጅ ማለት እጅ ያለው፣ ሙያ ያለው ማለት ነው። በአገራችን ግን ቃሉ ስድብ ሆኖ ኖሯል። ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን «ቡዳ» እያልን ከማዕዳችን፣ ከማኅበራችን፣ ከጋብቻችን አርቀናል። አራስ ከቤት ስትወጣ ከክፉ ዓይን እንዲጠብቃት ብለን ቢላዋ ወይም ሌላ ብረት እናስይዛታለን። ያን ብረት የሠራውን ሰው ደግሞ ክፉ ዓይን አለው ብለን እንፈራለን። እነዚህ ሁለት ነገሮች በአንድ ቤት ውስጥ አብረው እንዴት እንደኖሩ ቁጭ ብለን ብናስብበት ደስ ይለናል።

የምንኖረው በላሊበላ ነው። ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት ከአንድ አለት ሲፈለፈሉ መሮና መጥረቢያ አስፈልጓል። መሮው በየጊዜው ይዶለዱማል፤ የሚስለውና እንደገና የሚቀጠቅጠው ሰው በአጠገቡ መኖር አለበት። በየልደቱ ከየአገሩ የሚመጣው ምዕመን በግድግዳው ላይ የሚያየው የመሣሪያ ምልክት የብረት ሥራ ምልክት ጭምር ነው። መሮውን የሠሩት ሰዎች ስም ግን አልተጻፈልንም። የእኛም አምስተኛ ዓምድ በዚያው መንገድ ባዶ ሆኖ እንዳይቀር ነው ስጋታችን።

አዲስ ነገር እየጠየቅን አይደለም። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አውጥተዋል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ደንግጓል። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። የቀረው የእኛ ድርሻ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ፤ ዋናው ሥራችን እሱ ነውና። ለአንድ ቢላዋ የሚወጣው ወጪ አራት ነው፦ ብረት፣ ከሰል፣ የቀጥቃጩ ጉልበት፣ ወናፉን የሚነፋው ሰው ጉልበት። ወናፍ የሚነፋው ብዙ ጊዜ ሚስቱ ወይም ልጁ ነው። በገበያ የሚከፈለው ዋጋ ብረቱንና ከሰሉን ሸፍኖ ለቀጥቃጩ ጥቂት ያተርፋል፤ የሚስቱ ጉልበት ግን በዜሮ ተይዟል። እርሷ በዚያ ላይ ሸክላ ትሠራለች፣ ገበያ ተሸክማ ትወጣለች። የሴቶች መረዳጃ ማኅበር ሆነን የሴት ጉልበት በዜሮ ሲያዝ ዝም ካልን መዝገባችን ልክ ነው ለማለት ያስቸግረናል።

በኮሮና፣ ቀጥሎም በጦርነቱ ምክንያት እንግዳ ከከተማችን በራቀበት ጊዜ ሁላችንም ተጎድተናል። ሆቴል የሚሠሩትም፣ አስጎብኚዎችም፣ እኛም። የባለእጅ ቤት ግን የሚደገፍበት ዕድር እንኳ አልነበረውም።

ስለዚህ ጉባኤው እንዲወስንልን ሦስት ነገር እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ማኅበሩ ለአባላት ማጀትና ለእንግዳ መሸጫ የሚሆኑ ቢላዎችን በትዕዛዝ ያሠራ። የዋጋው ግማሽ በቅድሚያ ይከፈል፤ ቀጥቃጩ ከሰልና ብረት በዱቤ ገዝቶ ከዚያ ከወጪው በታች እንዳይሸጥ ነው። በዋጋው ውስጥ ወናፍ የነፋችው ሰው ጉልበት ለብቻው ይሰላ፤ በራሷ ስም ፈርማ ትውሰድ።

ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ቢላዋ የሠሪው ምልክት ይታተምበት። አንድ ትንሽ የብረት ማኅተም ለዕድሜ ልክ ይበቃል። ጥሩ ከሆነ ይመሰገንበታል፣ ካልያዘ ይመለስለታል።

ሦስተኛ፣ በጣም የሚከብደው ይህ ነው፤ የባለእጅ ሚስቶችና ሸክላ ሠሪ እኅቶቻችን እንደ ማንኛዋም ሴት መዋጮ ከፍለው አባል ይሁኑ። ቡናው አንድ ጀበና፣ ስኒው አንድ ዓይነት ይሁን። ይህን የሚቃወሙ አባላት እንዳሉ እናውቃለን፤ በዕድሜ የሚበልጡንና የምናከብራቸውም አሉበት። በዚህ ጉዳይ በጓዳ ከማማት በአደባባይ ተነጋግረን ብንወስን ይሻለናል። ውሳኔው የእናንተ ነው። እኛ የምንለው ግን የሁለቱ ሐሳቦች ገንዘብ ያለ ሦስተኛው ዕቃ መግዛት ብቻ ሆኖ እንደሚቀር ነው።

ስለ ስብስቡ አያያዝ ጥቂት እንጨምር። ቢላዎቹ የሚቀመጡት በቁልፍ ነው፤ ሴቶች ልጆችም ወንዶች ልጆችም የሚያዩአቸው ከአዋቂ ጋር ሆነው ነው። ቆዳ እርጥበት ስለሚይዝ በሰገባ ውስጥ አናኖራቸውም፤ በዘይት አባብሰን በደረቅ ጨርቅ እንጠቀልላቸዋለን። ቤታችሁ ያለውንም እንዲሁ አድርጉ፤ እጀታውን ውሃ ውስጥ አትዘፍዝፉ።

አባቶቻችን «ከእጅ አይሻል ዶማ» ይላሉ፤ ከእጅ የማይሻል መሣሪያ ምን ይረባል ለማለት ነው። እነዚህ 34 ቢላዎች ከእጅ የተሻሉ ሆነው ልጆቻችንን ያበሉ ናቸው። አሁን ልብ እንድትሉልን የምንፈልገው የሠራቸውን እጅ ነው። በየቤታችሁ የቀረ ቢላዋ ካለ ስታመጡ፣ ከመምጣታችሁ በፊት ቅዳሜ ገበያ ውረዱና የሠሪውን ስም ጠይቁልን። አምስተኛው ዓምድ ክፍት ነው።