አንድ ምላጭ ለአንድ ሰው
(በጉለሌ ለእናቶችና ለቤተሰብ የተደረገ የጤና ንግግር)



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ምላጭ ነው። ምላጭ ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ነገር ግን ከአንዱ ልጅ ወደ ሌላው በሽታ ተሸክማ ትሄዳለች።

በቤታችን የሚሆነውን አስቡት። በዓል ሲደርስ እናት ልጆችዋን ደጅ ላይ ሰብስባ፥ ራሳቸውን በሳሙና አርሳ፥ ታላቁን ትላጭና በዚያው ምላጭ ታናሹን ትቀጥላለች። ታላቁ በግንባሩ ጠርዝ ሁለት ኪንታሮት ነበረው እንበል። ከጥቂት ወራት በኋላ ኪንታሮቱ ምላጩ በሄደበት መስመር ተደርድሮ ይወጣል፤ በታናሹም ላይ ይታያል። ጎረቤት «የሰው ዓይን ነው» ትላለች። ዓይን አይደለም፤ ምላጩ ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው። ኪንታሮትን የሚያመጣው ቫይረስ የሚባል በዓይን የማይታይ ጀርም ነው። ምላጭ ሳይታወቀን ቆዳን ይፍቃል፤ ጀርሙም በተፋቀው በኩል ይገባል። መካከሉ ጎድጎድ ያለ ዕንቁ የመሰለ እብጠትና በከንፈር ላይ የሚወጣው ምችም እንዲሁ ይዛመታሉ። ምላጩ ደም ከነካ ደግሞ የጉበት በሽታና ኤች.አይ.ቪ. ሊያስተላልፍ ይችላል።

«እኔ እኮ በአረቄ እጠርገዋለሁ» የምትሉ አላችሁ። የኪንታሮት ጀርም በአረቄ በቀላሉ አይሞትም። በእሳት ማሳለፍም አያስተማምንም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

1ኛ/ ኪንታሮት፥ እብጠት ወይም ቁስል ባለበት ቦታ እስኪድን ድረስ ምላጭ አታሳርፉ። ጸጉሩ ከረዘመ ቆዳውን ሳትነኩ በመቀስ ከርክሙት። መቀሱንም ቀቅሉት፤ እንጦጦ ሥር አገሩ ከፍታ ስለሆነ ውኃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ ይፈላልና ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይንተክተክ።

2ኛ/ ለያንዳንዱ ሰው የራሱ ምላጭና የራሱ ፎጣ ይኑረው። ጸጉር አስተካካይ ቤት የሚሄድም አዲስ ምላጭ ሲከፈት በዓይኑ ይመልከት።

3ኛ/ ኪንታሮትን በምላጭ አትቁረጡ፥ በፈረስ ጭራም አትቋጥሩ። የልጆች ኪንታሮት አብዛኛውን ጊዜ ቆይቶ በራሱ ይጠፋል።

4ኛ/ ያገለገለውን ምላጭ ክዳን ባለው ጣሳ ክተቱት እንጂ ሜዳ ላይ አትጣሉት። እጃችሁንም በሳሙና ታጠቡ።

5ኛ/ አልማዝ ባለጭራ በዓይን አካባቢ ከወጣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። በአዋቂ ሰው ፊት ላይ እብጠቱ ከበዛም ሳታፍሩ ተመርመሩ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሐዘን ሲደርስ ራስን መላጨት በየአገሩ ያለ ልማድ ነው። በለቅሶ ቤት ግን አንድ ምላጭ ለብዙ ሴቶች ሲዞር ሌላ ሐዘን ይወልዳል። እያንዳንዷ የራስዋን ብትይዝ የሟቹ ክብር አይጎድልም።

በኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ የተገኘው በ1968 ዓ.ም. ነው። ያ ክፉ በሽታ የጠፋው ክትባት ቤት ለቤት ስለ ደረሰና ወላጆችም ልጆቻቸውን ስላስከተቡ ነው። ለኪንታሮቱ የሚበቃን ከዚያ ያነሰ ነው፤ አንድ ምላጭ ለአንድ ሰው።